ንስሐ የመሰለው ብረት

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ሳገለግል፣ ተሰብሮ የዳነው ቀኝ እጄ መጽሐፈ ወንጌሉን ከፍ አድርጎ መያዝ ተሳነው። ወናጎ የተወለደ አንድ የስፖርት አስተማሪ አዘነልኝና፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች በሁለት ጫፉ የተተከሉበትን ብረት አስያዘኝ።

«አባ፣ መዳፍዎ ወደ ላይ ሲሆን ከክርን በላይ ያለው ጡንቻ ይሠራል። ወደ ታች ሲያዞሩት ግን ከክርን በታች ባለው ላይ ሸክሙ ይበረታል» አለኝ።

ሸክሙ ያው ሆኖ ሳለ በአያያዝ ብቻ ሌላ መሆኑ አስደነቀኝ። መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳነሣ የሴት ልቅሶ ሰማሁ። ፈልጋኝ የመጣችው የንስሐ ልጄ ወይዘሮ አስካለ ነበረች። በዋዜማው፣ ከሕመም ገና መነሣቷን አይቼ ቀላል ቀኖና ብሰጣት፣ «አባቴ፣ ለእኔ ኃጢአት ይህ ይበቃል?» ብላ ተጠራጥራ ሄዳ ነበር።

«ለካ የቀረውን ቀኖናዬን እርስዎ እየተሸከሙልኝ ኖሯል!» አለችኝ።

«ልጄ፣ ይህ ለክንዴ መድኃኒት ነው።»

«እንዳላፍር ብለው ነው እንጂ!»

አስተማሪው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። እርሷ ግን ነጠላዋን ታጥቃ ብረቱን ተቀበለችኝ፤ መዳፏን ወደ ታች አድርጋም እየተንቀጠቀጠች እስከ ደረቷ አነሣችው።

አስተማሪው ደንግጦ፣ «እሜቴ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ ቢያዞሩት ይቀልልዎታል» አላት።

«ቀለለኝ ብዬ አይደል እንቅልፍ ያጣሁት? ተወኝ ልጄ፣ ይክበደኝ!»