የራሱን ካሮት ይዞ የሄደው ሰውዬ

የእህቴ ባል በዕድሜው አንድም ነገር ሳያገላብጥ ተቀብሎ አያውቅም። ሻይ ሲያቀርቡለት የብርጭቆውን ቂጥ ያያል። ሰላም ሲሉት ሰላም ያሉበትን ምክንያት ይፈልጋል። እህቴን ሊያገባ ባሰበ ጊዜ እንኳ ስድስት ወር ሙሉ እኔን ስለ እሷ፣ እሷን ስለ እኔ ሲጠይቅ ከርሞ፣ የሁለታችንን ቃል አስተያይቶ ልዩነት ሲያጣ ነው የቆረጠው። ሠፈርተኛው "እስቲ ልየው" ይለዋል። ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናት። እኛም ቤት ውስጥ አሳጥረን ልየው እንለዋለን።

ሥራችን ሶፋ ማደስ ነው። እሱ አሮጌውን ልብስ ይገፍፋል፣ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ሞላ ያስራል። እኔ የስፌት መኪናው ላይ ሆኜ አዲሱን እሰፋለሁ። በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመታችን። ስፖንጅ ብናኝ ፀጉራችን ላይ ተጣብቆ ወደ ቤት ስንገባ እህቴ "ደግሞ በረዶ ጣለ?" እያለች ትቀበለናለች።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ርካሽ ሰንጢ እጁ ላይ ታጠፈበት። የሶፋ ጥግ ውስጥ ጫፉን ሽቅብ ሲገፋ መቆለፊያው ከዳውና ስለቱ ተመልሶ የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት እስከ አጥንቱ ገመጠው። ተሰፋ፤ ጠገገ። "ድኛለሁ" አለን። አመንነው። እሱ የማያምን ሰው ሆኖ እኛ ምን ያህል አማኞች ነበርን!

ከዚያ ወዲህ ታጣፊ ነገር አልነካም። የማይታጠፍ ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ ቀበቶው ውስጥ ይሰካ ጀመር። ሰው ቤት እየሄደ ሲሠራ ግን ይህ ቢላ ጣጣ አመጣ። የሕንጻ ጥበቃዎች "ይሄን ታጥቀህ ወዴት ነው?" እያሉ በር ላይ ያቆሙታል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የደንበኛ አዲስ የቆዳ ሶፋ ላይ ሲያጎነብስ፣ ጨርቁን በስቶ የወጣው ጫፍ መደገፊያውን ከላይ እስከ ታች ተለተለው። ሴትዮዋ ጮኸች፣ እኛ ቆዳውን ተካን፣ እህቴ ፈረደች።

"ወይ እንደ ሰው የሚታጠፍ ግዛ፣ ወይ ሰው ቤት መሄዱን ተወው!"

ሰው ቤት ካልተሄደ ደግሞ ግማሹ ሥራችን የለም። ስለዚህ ፍለጋ ወጣ። ከሰዓት በኋላ "መጣሁ" ይልና ይጠፋል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር! እህቴ መኝታ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች።

"እኔን ለማግባት ስድስት ወር የፈጀ ሰው ለሰንጢ አራት ወር? ስሚኝ እህት ዓለም፣ ይቺ ሰንጢ ቀሚስ ሳትለብስ አትቀርም።"

"ኧረ ተይ አንቺ!"

"ነገ ሲወጣ አብረሽው ውጪ። ዓይንሽን እንዳታነሺ።"

እኔም የራሴ ጥርጣሬ ነበረኝ። ልየው አዝራር ማሰሩን ቀስ በቀስ ወደ እኔ አዙሮታል። ክርም አስገቢልኝ ይላል። "ዓይኔ ደክሟል" ነው ምክንያቱ፤ ከመንገድ ማዶ የተለጠፈ ማስታወቂያ ግን ከነፊርማው ያነባል። ጨርቅ ሲመርጥ በግራ እጁ ነው የሚዳስሰው። በእኔ ቤት ሥራውን በየጥቂቱ አስረክቦኝ አንድ ቀን ሊጠፋ ነው ብዬ ነበር።

እናም ሰላይ ሆኜ ተከተልኩት። እሱም "ምስክር ቢኖር አይከፋም" ብሎ ደስ አለው።

መጀመሪያ የገባንበት መደብር ሁሉ ነገሩ መስታወት ነው። ሻጩ ሰንጢዎቹን እንደ ጥርስ ደርድሮልን ቆመ።

"ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሚያብረቀርቀው?" አለ ልየው።

"አዲስ ስለሆነ ነዋ ጋሼ!"

"እኔም አዲስ ሆኜ አውቃለሁ። እንዲህ አላብረቀረቅኩም።"

ከፈተውና የስለቱን ጀርባ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ገጨት አደረገው። ሰንጢው እንደ አፍ ተዘጋ። ልየው ጣቶቹን ቀድሞ አሽሽቶ ነበር። ሻጩ መስታወቱን፣ እኔ ልየውን፣ ልየው ሰንጢውን አየን። ወጣን።

እንግዲህ አንድ ጫማ ሠሪ ደንበኛችን ነው ሰንጢ በትእዛዝ የሚሠራውን ሰውዬ የጠቆመን። አንድ በአንድ ነው የሚሠራው፤ ዋጋውም ጥሩ ሶፋ ያድሳል። ቤቱ ከብረት መቅረጫ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ናት፤ ታች ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ እግርህን ያሳክክሃል። ሰንጢ ሠሪው መነጽሩን በሲባጎ አንገቱ ላይ ያሰረ ቀጫጫ ሰው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ከእግር እስከ ራሳችን አየን። ውይ! የልየው ወንድም መሰለኝ!

"ማን ላካችሁ?"

"ጫማ ሠሪው" አለ ልየው።

"የትኛው ጫማ ሠሪ?"

"አንተ ስንት ጫማ ሠሪ ታውቃለህ?"

"አንተስ ስንት ሰንጢ ሠሪ ጠይቀህ ነው እኔ ጋ የመጣኸው?"

ለጥቂት ጊዜ ተፋጠጡና በሩ ተከፈተ።

ሰውየው ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አወጣ። "ይሄኛው ጠጣር ነው። ስለቱ ወር ይቆይልሃል፤ ሚስማር ከመታ ግን ይሸረፋል። ይሄኛው ቶሎ ይደነዝዛል፤ ድንጋይ ላይ ጥቂት ብታመላልሰው ይመለሳል። ሚስማር ትነካለህ?"

"አልነካም።"

"በቀን ሦስቴ ይነካል" አልኩ እኔ።

ልየው ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ እስከ ዛሬ የምስቅበትን ጥያቄ ጠየቀ። "ይሄ ሁሉ ይቅርና፣ አንተ ኪስህ ውስጥ ምን ይዘሃል? እስቲ ልየው።"

ሰውየው መጀመሪያ ቅር አለው። በኋላ ከኪሱ አንድ የተቧጨረ፣ ጌጥ የሌለው፣ እጀታው በላብ የጠቆረ ሰንጢ አወጣ። ስለቱ ከለስላሳው ብረት ነው። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ቆንጆዎች አንዱንም አይመስል።

"የዚህን ወንድም ሥራልኝ" አለ ልየው። በአራት ወር ውስጥ ፊቱ ሲፈታ ያን ጊዜ አየሁ።

ሰውየው አንድ እፍኝ እርጥብ የሸክላ ጭቃ አድቦልቡሎ ሰጠው። "ስትቆርጥ እንደምትጨብጠው ጨብጠህ መልስልኝ። እጀታውን የምቀርጸው በዚህ ነው።" ልየው ጭቃውን ይዞ "ብርሃን ጋ ልሁን" ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መስኮቱ ሄደ። ለምን ብርሃን አስፈለገው? ጠረጠርኩ፤ ግን መስኮቱ ላይ ሴት አልነበረችም።

ለእህቴ "ቀሚስ የለም፣ ጭቃ ነው" ብዬ ሪፖርት አቀረብኩ። "ጭቃ?" አለች፤ ይብሱን ጠረጠረች።

በአምስተኛው ሳምንት ተጠርተን ሄድን። ሰንጢው ጥቁር የእንጨት እጀታ ያለው፣ እንዲሁ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። ልየው በቀኝ እጁ ጨበጠው። ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ጉድጓዶቹ ጣቶቹ ጋ አይገጥሙም። የአውራ ጣት መክፈቻውም በወዲያኛው ጎን ነው።

"ይሄ የእኔ አይደለም። ለሌላ ሰው የሠራኸውን ልታሸክመኝ ነው! እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ነው የጠረጠርኩህ!"

"ያሳፍራል ጋሼ!" አልኩ እኔም፤ ዘመድ ነኛ!

ሰውየው መሳቢያ ሳበ። ውስጡ የደረቁ የጭቃ ጭብጦች በየወረቀታቸው ተጠቅልለው ተኝተዋል። የልየውን አውጥቶ ቀኝ እጁ ውስጥ አስቀመጠው፤ አልገባም። ግራ እጁ ውስጥ አስቀመጠው፤ እንደ ጓንት ገባ።

"ግራኝ ነህ ብዬ ነው የሠራሁት" አለና ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ በየትኛው እጁ ነው የሚቆርጠው?"

"በቀኙ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለደ!"

ታች ማሽኑ ተነሳ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው አዲስ ጭቃ አድቦልቡሎ ዘረጋለት። "አሁን በቀኝህ።"

ልየው እኔን አየኝ። "አንቺ ውጪ ቆይኝ።"

"አልወጣም!"

ጨበጠ። ለቀቀ። ሦስታችንም ጎንበስ አልን። የአውራ ጣቱ ጉድጓድ አለ፤ የመሃሉ፣ የቀለበቱና የትንሿ ጣት አሻራ ጠልቆ ይታያል። የጠቋሚው ቦታ ግን ለስላሳ ነው፤ ጨርቅ የዳሰሰው ያህል ምልክት ነው የቀረበት። ጣቱ ጭቃው ላይ ከመጋደም በቀር አልጨበጠም።

አዝራሩ፣ ክሩ፣ ግራ እጁ፣ "ዓይኔ ደክሟል" ማለቱ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ሁለት ዓመት! ጀርባዬ ለጀርባው ሆኜ!

"እንጨት ናት" አለ ልየው ቀስ ብሎ። "አይሰማትም። ሰንጢ ይቆለፍ አይቆለፍ በሷ ነበር የማውቀው። አሁን አላውቅም። ሁለተኛ ከታጠፈ መቆረጧን የማውቀው ደሜን ሳይ ነው። ያኔ ሱቁን ትዘጉታላችሁ።"

"ታዲያ የግራ እጅህን ለምን ሰጠኸኝ?" አለ ሰንጢ ሠሪው።

"ጫማ ሠሪውን ታውቀዋለህ። ጫማ ሠሪው ሠፈሩን ሁሉ ያውቃል። ጣቱ የሞተ ሶፋ ሠሪ ከተባልኩ ማን ሶፋውን ይሰጠኛል?"

"እሺ፤ በግራ ተሠርቶ በቀኝ ምን ልታደርገው ነበር?"

ልየው አንገቱን ደፋ። "እገለብጠዋለሁ ብዬ ነዋ። እንደ ሶፋ ትራስ።"

አቤት! አሥራ አንድ ዓመት ትራስ ስንገለብጥ ኖረን፣ ዓለም ሁሉ በሁለት ጎኑ እኩል የሚቀመጡበት መስሎት! ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሰንጢ ሠሪው አልሳቀም። መነጽሩን አጠለቀና የአዲሱን ጭቃ ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ጆሮህስ ደህና ነው?"

"ጆሮዬማ የጎረቤት ሐሜት ያዳምጣል።"

"ስለዚህ በጆሮህ ነው የምትቆልፈው። ሲገጥም የሚጮህ መቆለፊያ እሠራልሃለሁ። ለጣቷም ከስለቱ መንገድ ውጪ ጥልቅ ማረፊያ እቆርጥላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰምታም አልሰማችም እዚያው ናት።" የግራውን ሰንጢ መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ለዚህም አንድ ግራኝ ይመጣል።"

ወደ ቤት ስንመለስ ልየው መንገድ ላይ ቆመ። "ግራኝ ደንበኛ አስቀድሞ ነበረው ይሆን? እስቲ አስቢው!"

አልተውም እኮ!

ሁለተኛው ሰንጢ ባለቀበት ቀን ከቤት ሲወጣ ኪሱ አብጦ አየሁት። ደረጃውን ስንወጣ ነው ያወጣው፤ ካሮት!

"ምንድነው ይሄ?"

"ጣት።"

ሰንጢ ሠሪው ሲያየው ተቆጣ። "እኔም እኮ መፈተኛ እንጨት አለኝ!"

"ያንተን እንጨት አላውቀውም። ይቺን ካሮት ግን ራሴ ነኝ የገዛኋት።"

ሰንጢው ተከፈተ። "ቀጭ!" አለ፤ ታች ማሽኑ እየሠራ እንኳ ጥርት ብሎ ተሰማ። ልየው ካሮቷን ጣቱ በምትሆንበት ማረፊያ አስገብቶ ከእጀታው ጋር በገመድ አሰራትና የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ይደበድበው ጀመር። አንዴ፣ አምስቴ፣ ሃያ ጊዜ። አልታጠፈም። ሆን ብሎ መቆለፊያውን ለቀቀና ስለቱን መለሰው፤ ካሮቷን ሳይነካ በአጠገቧ አልፎ ተከተተ። ልየው ካሮቷን አወጣ፣ ወደ መስኮቱ ወሰደ፣ ዞር ዞር አድርጎ አያት። ጭረት የለባትም። ከዚያ ገመጣት።

"ጥሩ ካሮት ነች" አለ። ሰንጢ ሠሪው ያን ጊዜ ሳቀ፤ እስከዚያ ጥርስ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ቤት ስንደርስ እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። "የታለች? ስሟ ማነው?"

ልየው ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠቋሚ ጣቱን ዘረጋላት። "ቆንጥጪው።"

ቆነጠጠችው። ዝም አለ። ጠንከር አድርጋ ቆነጠጠችው። አሁንም ዝም። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"አይሰማህም?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ።"

እህቴ ጣቱን በሁለት እጇ ያዘችና ቆየች። ከዚያ በድንገት ጆሮውን ይዛ ጠመዘዘችው። "ይሄስ?"

"ኧረ! ኧረ በናትሽ!"

"ይሄ ሳትነግረኝ ለቆየኸው ነው።"

አሁን አዝራሩን እኔ አስራለሁ፣ እሱ ይቆርጣል፤ ምክንያት ማውጣትም ቀርቷል። ሰንጢው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥበቃዎቹም ያሳልፉታል። ሱቅ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼው ስሰፋ በየመሃሉ "ቀጭ!" ስትል እሰማታለሁ፤ እግሬም ፔዳሉን መርገጡን ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ሰንጢው ከኪሱ ሲወጣ እሰማና ድምፁ ይዘገይብኛል። ያን ጊዜ መኪናዬን አቆማለሁ።

"ተቆለፈች?"

"እስቲ ልየው" ይላል። እንደገና ይከፍታታል፤ ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን እንጠብቃለን።