ጋሽ ሰይድ አጠገባቸው የሚተዉት ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ስቶክሆልም፣ ሻርሆልመን ሰፈር አንድ የካሜራ ሱቅ ገብቼ ትራይፖድ፣ ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ሳማርጥ፣ ሻጩ የአንዱን እግር ስቦ ሲቆልፈው «ቀጭ» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ያለውን አልሰማሁም። ልጅ ሆኜ ዩልስታ በሚባለው ሰፈር ፊት ለፊታችን ይኖሩ የነበሩት ጋሽ ሰይድ ድቅን አሉብኝ።

ጋሽ ሰይድ ደሴ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ስቶክሆልም ግን ሥራቸው አረጋውያንን መጦር ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች እሳቸው ጋ ትተወኛለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔም እሳቸውም ሌላ ሰው አልነበረንም።

ከባዱን የብረት ትራይፖዳቸውን ተሸክመው ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ሣር ይወስዱኛል። አተካከሉ ላይ ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ ወፍራሙን የእግር ክፍል ይስባሉ፣ ቀጭኑን መጨረሻ። አንዱን እግር ወደ ቁልቁለቱ ያዞራሉ፣ ነፋስ እንዳይነቀንቀው ቦርሳቸውን ከሥሩ ያንጠለጥላሉ። የመሀሉን አንገት ከፍ ላድርግ ስል እጄን መታ ያደርጋሉ። ክብደቱ ሲያማርረኝ ደግሞ «ቀላሉን የምትወጂው ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው» ይሉኛል።

ከዚያ ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ ሞልተው ሮጠው ፊቱ ይቆማሉ፤ አጠገባቸው ሁልጊዜ የአንድ ሰው ቦታ ይተዋሉ። ቦታው የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ነው። እሳቸውን ከደሴ ለማምጣት ማመልከቻ ካስገቡ ዓመታት አልፈዋል። ደሴ ያለ የሙያ ጓደኛቸው እትዬ ዘይነባንም እንዲሁ ቦታ እንዲተዉ አድርጎ ያነሳና ጋሽ ሰይድ ከላኩለት ጋር ቆርጦ ቀጥሎ ሁለቱን ፎቶ አንድ ያደርጋል። የራቀን ሰው እንዲህ አጠገብ ማቆም የፎቶ ቤት ወግ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ ሳቄ አመለጠኝ። የደሴው ካሜራ ዝቅ ብሎ ቆሞ ኖሮ፣ እትዬ ዘይነባ ገዝፈው ባላቸውን ቁልቁል ያያሉ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። እኔን በባለቤታቸው ቦታ አቆሙና ሲባጎ አምጥተው ከመሬት እስከ ካሜራው ዓይን፣ ከካሜራው እስከ እኔ ለክተው ቋጠሩበት። ጓደኛቸው ካሜራውን በዚያው ልክ እንዲተክል ሲባጎውን በፖስታ ደሴ ላኩት።

«አብሽሪ፣ አሁን ልክ እንመጣለን» አሉኝ፣ ያዘንኩት እኔ ይመስል።

በጋው ሲያልቅ ሲባጎው ተመልሶ መጣ። ፎቶ የለም፤ የእትዬ ዘይነባ ደብዳቤ ብቻ። የሚያነቡለት ሰው ስላልነበራቸው ለእኔ አነበቡልኝ። «ሰይድዬ፣ ከእንግዲህ ባዶ ቦታ አጠገብ አልቆምም። ወይ ውሰደኝ፣ ወይ ና» ይላል።

«እውነቷን ነው» አሉና ወረቀቱን አጠፉት።

አይሂዱብኝ አልኳቸው፣ በስዊድንኛ፤ አማርኛው አልመጣልኝም። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። ክረምቱ ሳይገባ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ ጠቅልለው ደሴ ገቡ።

ቅዳሜን ጠላሁት። እናቴ እስክትመጣ መስኮት ላይ ተለጥፌ ሣሩን ሳይ እውላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝ ጎረቤት አላገኘንም፤ የቤቱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለልኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከደሴ ፖስታ መጣልን። ጋሽ ሰይድና እትዬ ዘይነባ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፣ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል። ሁለቱም ግን ወደ አንድ ጥግ ተጠግተዋል።

እናቴ አየችና «ምነው ጋሽ ሰይድ፣ ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ አንስተው መሀል መግባት አቃታቸው?» አለች።

ፎቶውን ከእጇ ወሰድኩ። ከእትዬ ዘይነባ አጠገብ የቀረው ቦታ የአንዲት ልጅ ቦታ ነበር።