ከኪታቡ ግርጌ የቆረጥኩት

ባለፈው ሳምንት ልጄ የእህቷን የሠርግ ቪዲዮ ልትልክልኝ ብትሞክር አልሄድ አላት። «ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ከፋፍዬ ልላክልሽ» አለችኝ። ስድስት ቦታ ከፍላ ላከችው። «አይዞሽ እማዬ፣ ቁጥር አላቸው፤ በቁጥራቸው ይገጣጠማሉ።» እሷ ይህን ብላ ስልኩን ዘጋች፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጫ አጣሁ።

ያስታወሰችኝ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። አባቴ ሼህ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር። በወጣትነታቸው በእጃቸው የቀዱት ወፍራም ኪታብ ነበራቸው፤ በዓለም ያላቸው ሀብት እሱ ብቻ ነበር። ደሴ ሊያስተምሩ ሲጠሩ ጭንቀታቸው ኬላው ሆነ። ፈታሾቹ በእጅ የተጻፈ ነገር ካዩ ይወስዳሉ።

«ተካፍላችሁ ያዙት» አሉን፣ እኔንና የአጎቴን ልጅ ከድጃን። «ሴት ልጅ ልብስ ውስጥ አይፈትሹም።»

ኪታቡ አልተሰፋም፤ አባቴ ዘንድ የሚማሩ ደረሶች አንዳንድ ጥራዝ እየወሰዱ እንዲቀዱ ሉክ በሉክ ነበር የሚቀመጠው። የገጽ ቁጥር የለውም። በየገጹ ግርጌ ግን አንዲት ቃል ለብቻዋ ተጽፋለች፤ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምረው በእሷ ነው። እኔ የአስኳላ ተማሪ ነኝ ባይዋ ይህን መች አውቄ! ቃሏ ሁለቴ ስትመጣ ሳይ በስሕተት የተደገመች መሰለችኝ። ወረቀቱ ደግሞ ረዝሞ ከመቀነቴ ሥር አልገባ አለ። መቀስ አነሳሁና ከድጃ እያየችኝ የሁለታችንንም ድርሻ ግርጌ በሙሉ ሸለትኩት፤ ቁርጥራጩን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

መስከረም ነበር፤ አባቴ ቀድመውን ደሴ ገብተዋል። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ወረቀቱ ወገቤን እየቧጠጠኝ ተቁነጠነጥኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ዘንቢላችንን በረበረ፤ ከጠበስነው የበቆሎ እሸት አንድ አንስቶ እየጋጠ አሳለፈን።

ደሴ ገብተን ጥራዞቹን ስናወጣ ሁሉም ተደበላልቋል። አባቴ አንዱን ሉክ አንስተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ግርጌው የት ሄደ?»

«አባባ፣ ኬላ ላይ ቀደዱት» አልኩ። ከድጃ መሬት መሬቱን አየች።

አባቴ እንደገና ዳሰሱት፤ ቀስ ብለው። «አፉ ብያለሁ» አሉ። «አላህም አፉ ይበል። በይ የመጨረሻውን መስመር አንብቢልኝ።»

እኔ ሳነብ እሳቸው ቀጣዩን ቃል በቃላቸው ይነግሩናል፣ ከድጃ በዚያ ቃል የሚጀምረውን ገጽ ትፈልጋለች። እንዲህ ስንል ሦስት ቀን ፈጀብን። አንድም ገጽ አልጎደለም፤ አልሐምዱሊላህ!

«አሁን ግርጌዎቹን መልሳችሁ ጻፉ» አሉ።

«ከድጃ ትጻፈው፤ የእሷ እጅ ያምራል» አልኩ።

«የለም፣ አንቺው ጻፊው። እያንዳንዷን።»

ኪታቡ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ልጄ ስልኩን ስትዘጋ ከሣጥን አወጣሁት። በየገጹ ሥር የእኔ ጠማማ ጽሕፈት አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ። የቀደዱት ወረቀት እንዲህ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ዓመት አታለልኳቸው ብዬ ስብሰለሰል ኖርኩ። ለካ ያን ቀን አፉ ያሉት ፈታሾቹን አልነበረም።