ሳይቀመስ የተሠራው ምስር

ደም ግፊት እንዳለብኝ የሰማሁት ለስልጠና ሞጣ በሄድኩበት ሳምንት ነው። የለካችኝ ነርስ «ጨው ቀንሺ፤ የምትበዪውንም ራስሽ ሥሪ» አለችኝ። ከሐረር ተመድቤ ቢቸና ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን የምበላው ከምግብ ቤት ነበር፤ ሽንኩርት እንኳ በወጉ መክተፍ አልችልም።

ቢቸና ስመለስ ሁዳዴ ገብቷል። ጾመኛ ስለሆንኩ ምስሩን ሳልቀምስ ሠራሁ። ጨው መጨመሬን ተጠራጥሬም እንደገና ጨመርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቼን ጠርቼ አቀረብኩ። ትልቋ አንዴ ጎርሰው ውኃ ጠየቁ።

«ልጄ፣ የተከለከልሽውን ጨው ሁሉ ለእኛ ሰጠሽን?»

«እትዬ፣ ይተዉአት እንጂ» አለች ሌላዋ እየሳቀች፤ እሷም ግን ሁለተኛ አልጎረሰችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጤን ያለ ጨው እሠራለሁ፤ የፈለገ ከገበታው ላይ ይነሰንሳል። ግፊቴም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወርዷል። የሚያስቸግረኝ ሰው ቤት ስጠራ ነው፤ እንቢ ብል ነውር፣ ብበላ ጉዳት። ስለዚህ ያን ቀን ከምስሬ የጎረሳችሁ ሁለታችሁ፣ ስትጠሩኝ የእኔን ድርሻ ጨው ሳይገባበት ቀድማችሁ አውጡልኝ።