ጅቡ እንግሊዝኛ ሲሳሳት

ልጅ ሳለሁ ጉለሌ በሚገኘው ግቢያችን ተረት የሚነገረው በሁለት ቋንቋ ነበር። ተራቹ ጋሼ መኮንን፣ በአንድ ማተሚያ ቤት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እርማት የሚሠሩ ጎረቤታችን ናቸው። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ከመሸ ከግቢ የሚወጣ የለም፤ ስለዚህ ገና ጀንበር እንደጠለቀች እኔና እዚያው ግቢ የምትኖረው የባለሱቁ ልጅ ዘይነባ፣ ጋሼ ደጃፍ ላይ ማንደጃውን ከበን እንቀመጣለን። ከእንጦጦ የወረደው የባሕር ዛፍ ጭራሮ እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ ኩራዟ የጋሼን መነጽር ስታበራው፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እንጠብቃለን።

ተረቱ በአማርኛ ይጀምራል፤ እንስሳቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ከሚናገሩትም ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር የግድ ስህተት አለበት። «ዘ ሃይናስ ኢዝ ሃንግሪ» ይላሉ ጋሼ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ጅቦቹ ብዙ ናቸውና «አር» መባል ነበረበት ብሎ የነቃ ከተገኘ ተረቱ ይቀጥላል፤ ካልተገኘ እዚያው ላይ ይቆማል። አንዲት ምስኪን ፍየል በእኛ ስንፍና ሦስት ቀን ሙሉ ጅብ ፊት ቆማ ከርማለች።

ለእኔ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን የወደቅኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አባቴም ዘንድሮ ከደገመችው ትምህርቱ ይበቃታል ብለው ቆርጠው ነበር። ቁርጤን ስላወቅሁ ከጋሼ አፍ ዓይኔን አልነቅልም። አንድ ምሽት ንጉሡ አንበሳ ወደ ተረቱ ሲገባ «ኢዝ» ሲሉ ያዝኳቸውና፣ ንጉሥ እንዴት እንደ ተራ ሰው አንተ ይባላል፣ «አር» ነው እንጂ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እንግሊዝኛ አንቱታ እንደማያውቅም ነገሩኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው፣ ዘመኑ ንጉሥ የሚወደስበት አልነበረምና፣ አንበሳውን የቀበሌ ሊቀመንበር አደረጉት።

በፈተናው ዋዜማ የቀበሮዋን ተረት አመጡ። ቀበሮዋ ተናገረች፣ ጦጣዋ መለሰች፣ ስህተቱ ግን አልገኝ አለን። ዘይነባ ተስፋ ቆርጣ እግሯን ዘረጋች። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ደጋገምኩ፤ ዛሬ ያቃተኝን ነገ ከየት አገኘዋለሁ? መጨረሻ ላይ የጦጣዋን መልስ ይዤ ስህተቱ እዚህ ነው አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«የግድ አንድ ቦታ መኖር አለበት፣ ጋሼ።»

«ዛሬ አንድም አልተሳሳትኩም» አሉ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ። «ልጄ፣ ደህናውን ደህና ነው ብሎ መተውም ዕውቀት ነው። እኔም በሥራዬ ከሁሉ የሚቆጨኝ አርማለሁ ብዬ ያበላሸሁት ነው።»

በጣም ተናደድኩባቸው። ፈተና ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ቀልድ ይቀለዳል? በማግስቱ ግን ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም ያላገኘሁበት ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። እጄ አንዷን ቃል ጥፋተኛ ሊያደርግ ቸኮለ። ጋሼ ትዝ አሉኝና «ስህተት የለውም» የሚለውን አጥቁሬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

ውጤቱ ሲመጣ አብራኝ የተፈተነችው ዘይነባም እኔም አልፈን ነበር። አባቴ አዲስ ደብተር ገዝተው ገቡ። እኔ ደስታው አሳበደኝና ግቢውን ስዞር ዋልኩ፤ ጋሼን ማመስገን እንኳ ትዝ አላለኝም።

ዛሬ ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ግን አንድ ቀን አንዲት ጎበዝ ተማሪ ልጆች ፊት እጇን አውጥታ ስታርመኝ ፊቴ ቲማቲም መሰለ፤ ቀኑን ሙሉም ሲያንገበግበኝ ዋለ። የጋሼ ነገር የገባኝ ያን ዕለት ነው። እሳቸው ቀን ቀን እንጀራቸውን የሚበሉት አንዲት ስህተት እንዳታመልጣቸው እየተጠነቀቁ ነበር። ማታ ደግሞ ደክሟቸው ይገቡና፣ ሁለት ልጆች እንዲያርሟቸው ብለው፣ ወደው ይሳሳቱልን ነበር።