ባለ ሁለት ቋጠሮው ክር

አባቴ ቡታጅራ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ይህችን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራት ኖሬያለሁ፤ ወልቂጤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በሰርግ፣ በለቅሶ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር። አባቴ ከሞተ በኋላ ካሜራውን እናቴ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ባለፈው ዓመት ግን እኔ፣ ሳይጠሩኝ አቤት ማለት የምወደው፣ በስልኬ አነሣሁትና «የአባቴ ካሜራ» ብዬ ማኅበራዊ ገጼ ላይ ለጠፍኩት።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለልኝ። የድሮ ካሜራና ሌንስ ይሰበስባል። ቤቱ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለው፤ በእያንዳንዱ ካሜራ ሥር ማን እንደ ሠራበት የሚናገር ካርድ ያስቀምጣል። «እኔ የምፈልገው ከነታሪኩ ነው» አለኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ስለ ሽያጩ አይደለም። የቡታጅራ ልጅ የሆነ ሁሉ ጉርድ ፎቶውን የተነሣው አባቴ ጋ ነው፤ አሁን ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። አባቴ ከመስታወት ጀርባ እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ። ለእናቴ ስነግራት «ካልሽ ይምጣ» አለች።

ሰውዬው ቅዳሜ ቡታጅራ፣ ፎቶ ቤቱ ወደነበረበት ወደ እናቴ ቤት መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ እናቴን «እማማ» እያለ፣ ያቀረብንለትን ቆጮ በጎመን አጣጥሞ ከበላ በኋላ እጁን ታጥቦ ካሜራውን ከጥቅሉ ፈታ። የስልኩን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፎ አየና ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ዕድሜ ሻጋታ ያልያዘው ሌንስ ብርቅ ነው አለ። ከካሜራው ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ከሰል ነበር። እርጥበት እንዲመጥ ነው።

«ማን ነው ይህን ያሰበው?» አለ።

«አባቴ ነዋ!» አልኩ ቀልጠፍ ብዬ።

ቀጥሎ ከካሜራው ጎን የታሰረ አንድ ያደፈ ክር አገኘ፤ ሁለት ቦታ ላይ ተቋጥሯል። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ማንጠልጠያው መሰለኝ» አልኩት። የኔ ነገር፣ አላውቅም ማለት ይከብደኛል። እናቴ ከመቀመጫዋ ሳቀች።

የድሮዎቹን ኔጌቲቮች፣ ፎቶ የሚታተምባቸውን የታጠቡ ፊልሞች፣ የያዙትን ፖስታዎች ከካሜራው ሥር አውጥቶ ሲከፍት ደግሞ ቁራጮቹን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በጠርዛቸው ያለውን ቁጥር ይቆጥር ጀመር። «እዚህ ላይ ከሰባት ቀጥሎ ዘጠኝ ነው» አለ። «እዚህኛው ላይ ደግሞ ሦስትና አራት የሉም። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።»

«የተበላሹትን አባቴ እየቆረጠ ይጥላቸው ነበር» አልኩ።

«አንዱም አልተበላሸ» አለች እናቴ።

ሁለታችንም ዞር አልን። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል፤ የምታየን እንደ ጥላ ነው። ግን ፊቷን ወደኔ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

የነገረችን እንዲህ ነው። የመስቃንና የእንሴኖ ሙስሊም ሴቶች ወንድ ፊት ሻሻቸውን አያወልቁም። ፎቶ ግን ይፈልጋሉ፤ አንዱን ለፓስፖርት ተሸፋፍነው፣ አንዱን ለራሳቸው ፀጉራቸውን ፈትተው። በዚያን ጊዜ አባቴ ወጥቶ በረንዳው ላይ ከባሎቻቸው ጋር ይቀመጣል፤ እናቴ መጋረጃውን ትዘጋና ካሜራውን ትይዛለች። ከመጋረጃው ኋላ ብርሃን ስለማይበቃ ምስሉ ጥርት እንዲል ካሜራው የሚቆምበትን ርቀት በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ክሩን ትዘረጋለች፦ የመጀመሪያው ቋጠሮ የሴትዮዋን ጉንጭ ሲነካ ለጉርድ ፎቶ፣ ሁለተኛው ሲነካ ቆሞ ለሚነሣ። ፊልሙን ራሷ ታጥበዋለች፣ ፎቶውን ራሷ ታትማለች፤ ከዚያ ያቺን አንዷን ኔጌቲቭ በመቀስ ቆርጣ ለተነሣችው ሴት ትሰጣታለች። ቤታችን ውስጥ ማንም ወንድ፣ አባቴም ቢሆን፣ እንዳያያት።

እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ፣ በረንዳው ላይ ነበርኩ። አባቴ ጭን ላይ ተቀምጬ የሴቶቹን ሳቅ እሰማ ነበር። እናቴ ፀጉር የምታበጥርላቸው ይመስለኝ ነበር። ሰው መጥቶ «ፎቶው አምሯል፣ እጅህ ይባረክ» ሲለው አባቴ ሁልጊዜ «ቤቱ ነው ያነሣው» ይል ነበር። ትሕትና መስሎኝ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ለካ አባቴ የሚናገረው እውነቱን ኖሯል! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ መዳብም አላልኳት። አፈርኩ። ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፣ እንግዳው ፊት።

«ብነግርሽ አፍሽ መች ያርፋል?» አለች። «እኔ ነኝ ያነሣሁት ብዬ ባወራ፣ እነማንን አነሣሽ ይሉኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ሰውዬው ካርዱ ላይ የእርስዎን ስም እጽፋለሁ አላት። እኔም ደግፌ ተነሣሁ፤ አሁን ደግሞ ለሷ መታወቅ ልሟገት ነው። እሷ ግን እጇን አነሣች። «አይሆንም። እነዚያ ሴቶች የመጡት ዝም ስለምል ነው። ‹የቤቱ› ብለህ ጻፍ፤ ይበቃል።»

እንዲህ ሆኖ ሊያልቅ ነበር። ግን ሰውዬው ከመግዛቱ በፊት ሊሞክረው አዲስ ፊልም ይዞ መጥቶ ኖሮ ግቢውን፣ እንሰቱን፣ በሩን አራት ጊዜ አነሣ። እናቴ የካሜራውን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አምስተኛውን ለኔ ስጠኝ» አለችው። «አንተ በረንዳው ላይ ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ሰውዬው ወጣና አባቴ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መጋረጃው ከተነሣ ዓመታት ስላለፉት በሩን ዘጋሁ።

«ሻሽሽን አውልቂ።»

«እማዬ፣ እኔን ማንሣት ምን ያደርግልሻል...»

«አውልቂ አልኩሽ።»

ፀጉሬ ሙሉ በሙሉ ከሸበተ ወዲህ ማንም አይቶት አያውቅም። ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለክፍልም፣ ለገበያም ሻሽ አስራለሁ፤ ሃይማኖት ነው ብዬ፣ እውነቱ ግን ሽበቴን መደበቅ ነው። አወለቅሁት። እናቴ ክሩን ዘርግታ፣ ጣቶቿን በክሩ ላይ እያስኬደች መጣችና ቋጠሮውን ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። ፀጉሬን ዳበሰችው። ተመልሳ ሌንሱን አዞረች፣ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጠቅ አለ።

ሰውዬው የቀረውን አንሥቶ ፊልሙን ይዞ ሊሄድ ሲል እናቴ ከለከለችው። የሚያጥበው ቤቱ ነው አለችው። ሳይቀየም የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት በቀጣዩ ቅዳሜ ይዞልን መጣ። እኔና እናቴ ጓዳ ገብተን በሩን በብርድ ልብስ ደፈንነው። ጨለማው ውስጥ የሷና የኔ ዓይን እኩል ሆነ፤ እንዲያውም እኔ ነበርኩ የምደናበረው። እሷ ፊልሙን በጣቷ እየመራች ጠቀለለችው፣ እኔ እጄን በእጇ ላይ አድርጌ ተማርኩ። እዚያ ነው ያለቀስኩት፤ አላየችኝም፣ ሰምታኝ ግን ይሆናል።

ፊልሙ ሲደርቅ ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ።

«ደረሰ ወይ?» አለችኝ። ፎቶው ጠርቶ እንደሆነ መጠየቋ ነው።

«እያንዳንዱ ፀጉሬ ይታያል። ግን ጥቁር ነው።»

«ነጩ ጥቁር ሆኖ ነዋ የሚወጣው» ብላ ሳቀች። «ያንጊዜ አሮጊቶቹም እንዲሁ ነበር የሚደሰቱት። በይ መቀሱን አቀብይኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ጣቴን አስቀምጪልኝ።»

በጣቷ ለክታ ቆረጠችው፣ በመሐረብ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና መዳፌን ዘጋችው።

የቀሩትን ቁራጮች ለሰውዬው ከካሜራው ጋር ሰጠሁት። በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ፀሐይ አነሣቸው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፦ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት። ከዚያ ቁራጮቹን በጥንቃቄ ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ ክሩን ካሜራው ላይ ጠቀለለው፣ እናቴ የተቀመጠችበት ድረስ ገብቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። አምስት የት አለ ብሎ አልጠየቀም።