ቀይ ቀለም የነካው ነጠላ

በ፳፻፲፯ ዓ.ም. ክረምት፣ የርብ ወንዝ ውሃ ሜዳውን ባለበሰበት ሰሞን፣ ወይዘሮ ውብዓለም በጎንደር ከተማ አረፉ። በስልክ የነገረችኝ እህታቸው ናት። ቀብራቸው በማግስቱ ነበር። እኔ የምኖረው ከወረታ ወዲያ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ዙሪያችን ሁሉ ውሃ ሆኗል። ጀልባ አልተገኘም። ወረታ ብደርስም የጎንደር መኪና ቆሟል። ሳጥኔን ከፍቼ አንድ ነጠላ አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ያ ነጠላ ከቀብሩ በፊት ጎንደር መድረስ ነበረበት። እሳቸው ሊገነዙበት ቃል ነበረን።

እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ፣ ስለዚህ ነጠላ ልንገራችሁ።

ወይዘሮ ውብዓለም የቅርስ ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ከደብር ደብር እየዞሩ የብራና መጻሕፍት እንዳይሻግቱ፣ ብል እንዳይበላቸው ይጠብቁ ነበር። እኛ ዘንድ ሲመጡ እጃቸውን ይታጠቡና መጽሐፉን ከመግለጣቸው በፊት ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። እርጥበት ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይታወቃል ይሉ ነበር። የደብራችን መሪጌታ ይኄይስ «ዛሬስ ምን ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቋቸው «ጧፍ ጧፍ፤ እርስዎን እርስዎን» ይሏቸዋል። ሽማግሌው በዚህ ይደሰቱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እሳቸው ለሥራ መጥተው ሳለ፣ ርብ ዳሩን ጥሶ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ቦታ ከፍ ስለሚል ሁላችንም ወደዚያ ሸሸን። ሰዉም ከብቱም በአንድ ቅጥር ታጨቀ። ዝናቡ አያባራም፤ የሩዙ ማሳ ጠፍቶ የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። መሄጃ አልነበረንም። ልጄን አዝያለሁ፤ በእጄ ደግሞ ለመገነዣዬ ያስቀመጥሁት አዲስ ነጠላ በፌስታል ተጠቅልሎ አለ። ከቤት ያወጣሁት ይህንኑ ነው።

ልጄ በንዳድ ትንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ ውብዓለም አዩና ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት። እሳቸው በስስ ሹራብ ቀሩ። 

ውሃው ዕቃ ቤት ገባ። በየወሩ በበዓሉ ቀን የሚነበብልን የብራና መጽሐፍ ከነሳጥኑ ራሰ። ደብሩ ሌላ የለውም። የቆዳ መያዣው፣ ማኅደሩ፣ በስብሶ ተቀዶ ነበር። መጽሐፉን ደጀ ሰላሙ ጣራ ሥር አመጡት። ቀትር ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ሴቶቹ እልል አሉ፤ መሪጌታም መጽሐፉን አንሥተው ወደ ፀሐይዋ ሊወስዱት ተነሡ። ወይዘሮ ውብዓለም በሩ ላይ ቆመው ከለከሏቸው።

«ቆዳ አይደለም ወይ?» አሉ መሪጌታ። «ቆዳ በፀሐይ ነው የሚደርቅ። ስንቱን ፍቄ፣ ወጥሬ አድርቄያለሁ።»

«ያን ጊዜ ወጥረው ይዘውታል። አሁን ማን ይይዝልዎታል? ይኮማተራል፤ ፊደሉም አብሮ ይኮማተራል። ያኔ ቆዳ ነበር፣ አሁን መጽሐፍ ነው።»

«ታዲያ በምን እናድርቀው? በጸሎት?»

«በጸሎትና በጥጥ» አሉ ወይዘሮ ውብዓለም፣ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ እያዩ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ነጠላ መቆም ለእኛ ነውር ነው። ደግሞም የሁላችንም ነጠላ ርሷል። ተያየን። አንዳንዶቹ አውልቀው በኩበት እሳት ሊያደርቁ ጀመሩ። እኔ ፌስታሉን ፈታሁ።

ወይዘሮ ውብዓለም ነጠላውን ዳሰስ አድርገው «ይህ የምን ነው?» አሉኝ።

«መገነዣዬ ነው።»

«እንግዲያስ መልሺው፣ እታለም።»

«ልጄን አልብሰዋታል» አልኋቸው።

ነጠላውን ተቀበሉኝ። የመጽሐፉን ቅጠል በቀስታ እየገለጡ፣ ነጠላውን በየመካከሉ እያነጠፉ ሠሩ። ለመርዳት ስንቀርብ «አትሹት፤ ይንካው ብቻ፣ የሚጠጣውን ይጠጣ» ይሉን ነበር። አንዱ ጨርቅ ሲርስ በእሳት የደረቀውን እንተካለን።

በኋላ ከቁሐር ሚካኤል በኩል ጀልባ መጣ። ትንሽ ነው። ባለጀልባው እንግዳዋ ይቅደሙ አለ። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም። «እኔ እስረኛ ነኝ፤ መጽሐፉ ሳይፈታኝ አልወጣም። ልጅቱን ከነእናቷ ውሰድ» አሉት። ብርዱ እሳቸውንም ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ካፖርታቸውን ልመልስ ብል በዓይናቸው ገሠጹኝ። ወረታ ጤና ጣቢያ ደረስን። ልጄ ዛሬ በሕይወት አለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ውሃው ጎድሎ ስመለስ ወይዘሮ ውብዓለም እዚያው ነበሩ፤ ድምፃቸው በጉንፋን ተዘግቷል። መጽሐፉ በእንጨት ገበታና በድንጋይ ተጭኖ ቀስ ብሎ ደርቋል። ጥቂት ቦታ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ነጠላዬን መለሱልኝ። የቅዱሳኑ ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም እየዘለለ አርፎበታል። መሪጌታ አይታጠብም፣ አይለበስምም አሉ። ወይዘሮ ውብዓለም ሌላ ልተካልሽ ቢሉኝ እንቢ አልሁ።

«እንግዲያው ቀድማ የሞተች ትገነዝበት» አሉ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው።

«እኔስ?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎማ በጧፍ ጢስ ታጥነዋል፤ ብል አይነካዎትም።»

ሳቅን። እኔ ግን ቃሉን እንደ ቃል ያዝሁት። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር «አለ?» ይሉኛል፤ «አለ» እላቸዋለሁ።

እትዬ ውብዓለም፣ ነጠላው አልደረሰልዎትም። ያን ቀን ጀልባ ያለውን ሁሉ ለመንሁ፤ ወረታ ያለ ነጋዴንም በስልክ ለመንሁ። መንገዱ ዝግ ነው አሉኝ። በሰው ነጠላ እንደተገነዙ እያሰብሁ፣ ከቤቴ ደጃፍ ውሃውን እያየሁ ዋልሁ።

በማግስቱ ጧት፣ እርስዎ በሚቀበሩበት ሰዓት፣ ነጠላውን በራሴ ተሸክሜ በውሃው ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ውሃው የዕቃ ቤቱ ደፍ ደርሷል። መጽሐፉ እርስዎ በየክረምቱ ስቀሉት ባሉት ቦታ፣ ከጣራው ሥር ተሰቅሏል። ማኅደሩ ከተቀደደበት ወዲህ የሚጠቀለልበት ጨርቅ አልቆ ነበር። ነጠላውን ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። እሳቸውም መጽሐፉን አውርደው ጠቀለሉበት፤ ቀዩ ቀለም ከወጣበት መጽሐፍ ጋር ተገናኘ። እኔም ቀኔ ሲደርስ እንደ እርስዎ በተገኘው እገነዛለሁ። እግዚአብሔር ነፍስዎን ውሃም ብልም ከማይደርስበት ያኑርልን።

መልሰው ከመስቀላቸው በፊት ትንሽ ይቆዩኝ አልሁና ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት።

ደረቅ ነው፣ እትዬ።